ብሪፍ ኤንካውንተር (1945)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ላውራ ጄሰን ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናት። አሌክ ሃርቪም ባለትዳርና የልጆች አባት የሆነ ሐኪም ነው። አንድ ሐሙስ ባቡር ጣቢያ ይገናኛሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዋደዳሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። የፊልሙ ታሪክ ይኸው ነው። መለያየታቸውን አስቀድሞ መናገር ምስጢር ማውጣት አይሆንም፤ ፊልሙ ራሱ የሚጀምረው በመሰነባበታቸው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ፊልሙን ለማየት፣ ወደ አማርኛ ለመመለስ ወይም የተቀረጸበትን ጣቢያ ለመጎብኘት የሚያስቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በእርግጥ በአነስተኛ በጀት የተሠራ ነው?

ከምን ጋር እንደሚወዳደር ይወስነዋል። በእንግሊዝ «ርካሽ ፊልም» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የ1927ቱ የሲኒማ ሕግ ያመጣው ዓይነት ነው። ሕጉ ከሚታዩት ፊልሞች የተወሰነው ድርሻ የአገር ውስጥ ሥራ እንዲሆን አስገደደ፤ የአሜሪካ አከፋፋዮችም ድርሻውን ለመሙላት ያህል ብቻ በጫማ አንድ ፓውንድ ሒሳብ ፊልም ማሠራት ጀመሩ። 35 ሚሊሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል። በዚህ ሒሳብ የአንድ ሰዓት ፊልም በ5,400 ፓውንድ አካባቢ ያልቅ ነበር ማለት ነው። ለብርሃን ጊዜ የለም፣ ለልምምድ ጊዜ የለም፣ ተዋናይ ቢሳሳትም እንደገና አይቀረጽም።

ብሪፍ ኤንካውንተር ከእነዚህ ወገን አይደለም። ገንዘቡ የመጣው ከራንክ ኩባንያ ነው፤ ያዘጋጀው ሲኒጊልድ የተባለው ቡድን ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ትዕይንቶቹ የተቀረጹት ከለንደን ወጣ ብሎ በነበረው የዴንሃም ስቱዲዮ ነው። ቁጠባው ግን ፊልሙን በጥሞና ላየ ሰው ፍንትው ብሎ ይታያል። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ከዚያ በፊት የሠራቸው ሁለት ፊልሞች ባለቀለም ነበሩ፤ ይኸኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ዋና ዋናዎቹ ተዋናዮች በጣት ይቆጠራሉ። አሌክን የሚጫወተው ትሬቨር ሃዋርድ ገና 31 ዓመቱ ነበር፤ ትልቅ ሚና ሲይዝም የመጀመሪያው ነው። ለፊልሙ ተብሎ የተደረሰ ሙዚቃ የለም። አብዛኛው ነገር የሚከናወነው በአንድ የጣቢያ ቡፌ፣ በአንድ ሳሎንና በሁለት የባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ነው። የማጣት ሳይሆን የመምረጥ ቁጠባ ነው ቢባል ትክክል ይሆናል፤ የቦታው ጥበት ለሁለቱ ሰዎች መሸሸጊያ ያሳጣቸዋል፣ ተመልካቹም ከእነሱ ጋር እዚያው ተጨንቆ ይቀመጣል።

የትኛውን ቅጂ ልይ? ያገኘሁት 83 ደቂቃ ነው፤ ተቆርጦ ነው?

ሙሉው ፊልም 86 ደቂቃ ነው። 82 ወይም 83 ደቂቃ የሚል ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠ አይደለም፤ የፈጠነ ነው። ፊልሙ የተቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ የአውሮፓ የቀድሞ የቴሌቪዥንና የዲቪዲ ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ ድምፁም ከግማሽ ቶን ጥቂት ባነሰ መጠን ይቀጥናል። ንግግሩ ላይ ብዙም አይታወቅም። ፒያኖው ላይ ግን ጆሮው የሰላ ሰው ወዲያው ይነቃል። ብሉሬይ ላይ የሚገኘው በትክክለኛው ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ችግር የምስሉ ቅርፅ ነው። ፊልሙ ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ብቻ ነው። በዘመኑ ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ካዩ ቅጂው ትክክል ነው። ስክሪኑን ሞልቶ ከመጣ ከሁለት አንዱ ተደርጓል፦ ወይ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ፊቶች ወፍረዋል፣ ወይ ከላይና ከታች ሩብ ያህሉ ተቆርጧል። የቴሌቪዥኑን የምስል ማስተካከያ «ዙም» ወይም «ዋይድ» ከሚለው አውጥተው 4 በ3 ላይ ያድርጉት። እጅና ትከሻ ብዙ ነገር በሚናገሩበት ፊልም ላይ የታችኛው ጠርዝ ሲቆረጥ ቀላል ጉዳት አይደለም።

የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2008 የሊንን ቀደምት ፊልሞች አድሷል፤ ይህም ከእነሱ አንዱ ነው። የታደሰው ቅጂ ላይ የጣቢያው ጭስና የሌሊቱ ጥቁረት ተለይተው ይታያሉ። በአሮጌዎቹ ላይ ሁለቱም አንድ ግራጫ ሆነው ተቀላቅለዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ይጨመር፦ በ1974 ሶፊያ ሎረንና ሪቻርድ በርተን የተጫወቱበት፣ ለቴሌቪዥን የተሠራ ባለቀለም ፊልም ተመሳሳይ ስም አለው። ሲፈልጉ 1945 የሚለውን ይመልከቱ።

ለምን ካርንፎርዝ? ለንደን ጣቢያ ጠፍቶ ነው?

ቀረጻው የተካሄደው በፌብሩዋሪ 1945 ነው። ጦርነቱ አላበቃም፤ የጀርመን ሮኬቶች ለንደንን መምታት ያቆሙት በማርች መጨረሻ ነው። የሌሊት መብራት ገደብ ገና አልተነሳም ነበር። ለፊልም ግን ባቡር ጣቢያን በሌሊት መቅረጽ ማለት ግዙፍ መብራቶችን ሜዳ ላይ ማብራት ማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንካሻየር ውስጥ ያለችው ካርንፎርዝ ከአደጋው ክልል ራቅ ያለች በመሆኗ፣ የአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ቢመጣ መብራቱን ለማጥፋት በቂ ጊዜ ይገኝ ነበር። የተመረጠችበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ቀን ቀን መስመሩ በመደበኛ ባቡሮች ስለሚጨናነቅ ሥራው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። ተዋናዮቹ ሲናገሩ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት የእውነት ብርድ ነው። ሌላም ጥቅም ነበረው፦ በካርንፎርዝ ከምድር በታች ወደሚያልፈው መተላለፊያ የሚወስደው ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ነው፤ ባቡር ሊያመልጣት የምትሮጥ ባለ ተረከዝ ጫማ ሴት ሳትደነቃቀፍ ትሮጥበታለች።

ቡፌው ግን ካርንፎርዝ አይደለም። (የአዲስ አበባን ለገሀርና ቡፌ ደ ላጋርን የሚያውቅ ሰው የጣቢያ ቡፌ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሻይ፣ ኬክ፣ ትንሽ መጠጥ፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው።) የፊልሙ ቡፌ የተገነባው ዴንሃም ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስለዚህ ላውራ ከቡፌው በር ወጥታ ወደ መሳፈሪያው ስትሮጥ፣ በሩና መሳፈሪያው መካከል በእውነቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። መገጣጠሚያውን ልፈልግ ብለው ቢያዩ እንኳ በቀላሉ አይገኝም። በመሳፈሪያው ላይ የሚታዩት የአቅጣጫ ሰሌዳዎች ግን ያሳብቃሉ፤ ታሪኩ ደቡብ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ቀርቦ ሳለ ሰሌዳው ላይ ሊድስና ብራድፎርድ ተጽፎ ይነበባል።

በጦርነት ጊዜ ተሠርቶ ለምን ጦርነት አይታይበትም?

ታሪኩ የተቀመጠው ከጦርነቱ በፊት ስለሆነ ነው። መነሻው በኖኤል ካዋርድ በ1936 መድረክ ላይ የቀረበ አጭር ተውኔት ነው። በፊልሙ ውስጥ የሱቅ መስኮቶች ያበራሉ፣ ቸኮሌት ያለ ራሽን ካርድ ይሸጣል፣ ባቡሮች በመብራት ደምቀው ያልፋሉ። በ1945 መጨረሻ ሲኒማ ቤት ለገባው እንግሊዛዊ እነዚህ ነገሮች ከፍቅሩ ባልተናነሰ ልብ የሚነኩ ነበሩ። ስድስት ዓመት ያላየው ነገር ነው።

ከተዋደዱ ለምን ትዳራቸውን ፈትተው አይጋቡም?

በእንግሊዝ እስከ 1937 ድረስ ፍቺ የሚገኘው በዝሙት ምክንያት ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣውና ከ1938 መጀመሪያ ጀምሮ የጸናው ሕግ ጭካኔን፣ ሦስት ዓመት ጥሎ መጥፋትንና የማይድን የአእምሮ ሕመምን ጨመረበት። ተዋደድንና ተፋታን የሚባል ነገር በሕጉ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ከሁለቱ አንዱ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሆኖ መቆም ነበረበት።

ሕጉ ግን የጉዳዩ ግማሽ ብቻ ነው። ፊልሙ የላውራን ባል ፍሬድን ክፉ አላደረገውም፤ ይህ ከብዙ የፍቅር ፊልም የሚለየው ነው። ፍሬድ ደግ ነው፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ማታ ማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ መስቀለኛ ቃላት ይሞላል። የሚሸሹት ሰው አይደለም። ላውራ መጀመሪያ የጥፋተኝነት ስሜት የሚወጋት ልጇ ቦቢ መኪና ገጭቶት ራሱን ታስሮ ተኝቶ ስታገኘው ነው። ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን እንደ ቅጣት ይሆንባታል።

መጀመሪያው ላይ ያለው ትዕይንት መጨረሻው ላይ ይደገማል። ለምን?

አንድ ቃል ሳይቀር የተደገመ ይመስላል፤ የሚታየው ግን ከሌላ ወገን ነው። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከቡፌዋ ኃላፊ ከሜርትልና ከቲኬት ተቆጣጣሪው ከአልበርት ጋር ነው። እነሱ ሲቀላለዱ ከበስተጀርባ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ዶሊ የምትባል ወሬኛ ትውውቅ ዘው ብላ ገብታ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ወሬዋ አያቋርጥም። የሰውየው ባቡር ይጠራል። ይነሳል፣ የሴትዮዋን ትከሻ በእጁ ትንሽ ጫን አድርጎ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ለተመልካቹ ምንም አይደለም፤ የጨዋ ሰው ስንብት ነው።

ከሰማንያ ደቂቃ በኋላ ያው እጅ ያው ትከሻ ላይ ያርፋል። አሁን ግን ሁለቱ ዳግም እንደማይገናኙ፣ አሌክ ወደ ጆሃንስበርግ እንደሚሄድ፣ ለመሰነባበት የቀሯቸውን ጥቂት ደቂቃዎች ዶሊ እንደበላችባቸው እናውቃለን። ለመሳም ቀርቶ ስም ለመጥራት እንኳ አልቻሉም። ፊልሙን ለማስተማሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ሁለቱን ትዕይንቶች ድምፁን አጥፍተው ተከታትለው ቢያሳዩ ልዩነቱ በአምስት ደቂቃ ይገባል።

ከዚያ የሚከተለውን ምስል የቀረጸው ሮበርት ክራስከር ነው። ላውራ ፈጣን ባቡር ሲመጣ ስትሰማ ከወንበሯ ትነሳለች። ካሜራው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይጋደላል፤ ወለሉና ግድግዳው ቀጥ ማለታቸውን ያጣሉ። ወደ መሳፈሪያው ጠርዝ ሮጣ ትወጣለች። ባቡሩ አይታይም፤ የመስኮቶቹ ብርሃን ብቻ ፊቷ ላይ ብልጭ ድርግም እያለ ያልፋል፣ ነፋሱ ፀጉሯን ይበትናል። ብርሃኑ ሲያልቅ ካሜራው ቀጥ ይላል። አንድ ሙሉ ባቡር ማሳየት ያልጠየቀ፣ የመብራትና የነፋስ ሥራ ነው። ክራስከር በኋላ በ1949 በቪየና በተቀረጸ ሌላ የእንግሊዝ ፊልም ያንኑ የተጋደለ ካሜራ በሰፊው ተጠቅሞ ኦስካር አግኝቶበታል።

ፍቅራቸው እስከምን ድረስ ሄደ?

በፊልሙ፣ እስከ መሳም። አሌክ ከባልደረባው ከስቲቨን በተዋሰው መኖሪያ ሊገናኙ ይሞክራሉ። እሳቱ በቅጡ አልተያያዘም፣ ላውራ ዝናብ መትቷታል፣ ገና ከመቀመጣቸው ስቲቨን ሳይታሰብ ይመለሳል፤ እሷ በጓሮ ደረጃ ትሸሻለች፣ ሻርፗ ግን ይቀራል። በተውኔቱ ላይ ግንኙነቱ ከዚህ እንዳለፈ ግልጽ ነው። ተውኔቱ አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል፣ አምስቱም ትዕይንቶች ከቡፌው አይወጡም። ፊልሙ ጊዜውን ወደ ሳምንታት አሳጠረው፣ ሰዎቹን ወደ ከተማውና ወደ ገጠሩ አወጣቸው፣ ኃጢአቱንም ከመፈጸሙ በፊት አቆመው። እንዲህም ሆኖ በአየርላንድ ሳንሱር ታግዷል፤ ባለትዳር ሆና ሌላ የወደደችን ሴት በርኅራኄ አሳይቷል በሚል።

የቢሊ ዋይልደር ዝነኛ ፊልም «ዘ አፓርትመንት» የተጸነሰው ከዚህ ትዕይንት ነው፤ መኖሪያውን ለሌሎች አውሶ ሲያበቃ ወደ ቀዘቀዘው ክፍሉ የሚመለሰው ሰው ማን ይሆን የሚል ጥያቄ ስለተፈጠረበት።

አሌክ ስለ ሳንባ በሽታ ሲያወራ ለምን ትኩር ብላ ታየዋለች? ያ ምን የፍቅር ወሬ ነው?

የፊልሙ ምርጥ የፍቅር ትዕይንት እሱ ነው። ቡፌው ውስጥ ባቡር እየጠበቁ ሳለ አሌክ ዓላማው በሽታን ከመነሻው መከላከል እንደሆነ ይነግራታል። ልዩ ፍላጎቱ በአቧራ የሚመጡ የሳንባ በሽታዎች ናቸው፤ የከሰል አቧራ፣ የብረት አቧራ፣ የድንጋይ አቧራ እያለ የሕክምና ስማቸውን ይደረድራል። ላውራ ከበሽታዎቹ አንዱንም አትሰማም። የምታየው ሥራውን ሲወድ ፊቱ ልጅ የሚሆንን ሰው ነው፤ ይህንንም ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ የሚናገሯቸው የበሽታ ስሞች ሌላ ነገር ማለት ይሆናሉ።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። ትውውቃቸው ራሱ የተጀመረው በአቧራ ነው፦ የሚያልፍ ባቡር የበተነው የከሰል ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ እሱም በመሐረቡ ጫፍ ያወጣላታል። (ዛሬ ይህን አያድርጉ፤ ዓይን በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ካልወጣ ሐኪም ጋር ይኬዳል።) ሁለተኛ፣ የድንጋይ አቧራ በሽታ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች በሽታ ነው፤ አሌክ የሚሄድባት ጆሃንስበርግም በወርቅ ማዕድን የቆመች ከተማ ናት። ላውራን እንድትወደው ያደረጋት ሥራ ነው የሚወስደው።

ሙዚቃው ምንድን ነው?

የሰርጌይ ራክማኒኖፍ ሁለተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ በሲ ማይነር። ፒያኖውን የምትጫወተው አይሊን ጆይስ ናት፤ ኦርኬስትራውን የመራው ሙዊር ማቲሰን። ላውራ ሳሎን ውስጥ ሬዲዮ ስትከፍት ይሰማል፣ ትዝታዋም በላዩ ላይ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ድምፁ በርትቶ ፍሬድ እንዲቀነስ ይጠይቃል፤ ያኔ ሙዚቃው ከጭንቅላቷ ሳይሆን ከሬዲዮኑ እየመጣ እንደነበር እናስታውሳለን።

ወደ አማርኛ ሲተረጎም ከባዱ ምኑ ላይ ነው?

ርዕሱ ላይ ይጀምራል። «አጭር ግንኙነት» ብሎ መተርጎም ፊልሙን ሌላ ፊልም ያደርገዋል፤ በአማርኛ ግንኙነት የሚለው ቃል ወዴት እንደሚወስድ የታወቀ ነው። «አጭር ትውውቅ» ይሻላል።

ትልቁ ጉዳይ አንቱታው ነው። እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺንና እርስዎን በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ አማርኛ ተርጓሚውን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲወስን ያስገድደዋል። የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው። ብናኙ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም «እርስዎ» ይባባላሉ። ምሳ ሲበሉ፣ ሲኒማ ሲገቡ፣ ስለ ሳንባ በሽታ ሲያወራም እንደዚያው ይቀጥላል፤ ቀደም ብሎ «አንቺ» ካላት የሚሆነው ነገር ሁሉ ቀድሞ ሆኖ ያልቃል። መሻገሪያው በጀልባ የሄዱ ዕለት ነው፤ አሌክ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጫማው ረጥቦ በጀልባ ቤቱ ሲያደርቁ፣ መዋደዳቸውን አውጥተው ሲናገሩ «አንቺ» እና «አንተ» ይግባ፤ ከዚያ ወዲህ አይመለስ።

አይመለስ ከተባለ በኋላ አንድ ቦታ መመለስ አለበት። ዶሊ ጠረጴዛቸው ላይ ስትቀመጥ፣ ሰው ፊት ናቸውና ወደ «እርስዎ» ይመለሳሉ። ፊልሙ በዚህ ትዕይንት ስለሚጀምር ተመልካቹ መጀመሪያ ሲሰማው የሁለት እንግዶች ንግግር ይመስለዋል፤ መጨረሻ ላይ ሲሰማው ግን እያንዳንዱ «እርስዎ» ውሸት እንደሆነ ያውቃል። ይህን እንግሊዝኛው በድምፅና በፊት ብቻ ነው የሚያደርገው። አማርኛው በሰዋስው ያደርገዋል፤ ከትርጉሙ ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል።

ሰዓቱም ሰው ያሳስታል። የአሌክ ባቡር የሚነሳው በእንግሊዞቹ 5፡40፣ የላውራ ደግሞ በ5፡43 ነው፤ ከሰዓት በኋላ። «አምስት ሰዓት ከአርባ» ተብሎ ከተጻፈ አማርኛ አንባቢው ረፋድ ይመስለዋል፣ ውጭው ግን መሽቷል። «አሥራ አንድ ከአርባ» እና «አሥራ አንድ ከአርባ ሦስት» ይባል። በመካከላቸው ያለችውን ሦስት ደቂቃ ግን አያጥፉ፤ «አሥራ አንድ ተኩል አካባቢ» ብሎ ማጠጋጋት እሱ ሄዶ እሷ ብቻዋን የምትቆምበትን ጊዜ መሰረዝ ነው።

ሜርትል የባላባት ወግ አለኝ ብላ ድምፅዋን ታስጌጣለች፣ ስትናደድ ግን ያደገችበት አነጋገር ያመልጣታል። ይህን በጎጃም ወይም በወሎ ዘዬ ለመተካት የሚሞክሩ አሉ፤ ትክክል አይደለም፤ የአንድን አገር ሰው ያለ ጥፋቱ መሳቂያ ያደርጋል። ይልቅ ሲያምራት የተጋነነ አንቱታና የጽሕፈት ቤት አማርኛ፣ ስትቆጣ ደግሞ አጭርና ቀጥተኛ ንግግር ይስጧት።

የፍሬድ መስቀለኛ ቃላትም አለ። ከገጣሚው ኪትስ ስንኝ የጎደለ ባለ ሰባት ፊደል ቃል ይጠይቃታል፤ መልሱ ፍቅርን የሚመለከት ቃል ነው፣ «ሮማንስ»። በፊደላችን አራት ብቻ ስለሚሆን ቁጥሩን መተው ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም። ቃሉን ራሱን ግን መተው አይቻልም፤ የመለሰችለት ላውራ ናት።

የአማርኛ ሰብታይትል ስከፍት አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይታያል፤ ወይም ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል

ሳጥን ከታየ ፊደሉን የያዘ ፎንት አልተመረጠም፤ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከታየ ደግሞ ፋይሉ የተቀመጠበት ኮድ ትክክል አይደለም። ሰብታይትሉ የተጻፈበትን የኤስአርቲ ፋይል በማስታወሻ ፕሮግራም ይክፈቱና ሲያስቀምጡ ኮዱን ዩቲኤፍ 8 ያድርጉ። ከዚያ ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ምርጫዎች ውስጥ የሰብታይትል ገጽ ላይ ኮዱን ዩቲኤፍ 8፣ ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ወይም ኒያላ ያድርጉና ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አይጻፍ፤ አማርኛ ግስ ረጅም ስለሆነ ጠባቡ ምስል ላይ ሦስተኛው መስመር ፊት ይሸፍናል።

ወደ ኋላ መቅረቱ ሁለት ዓይነት ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልዩነቱ እኩል ከሆነ በቪኤልሲ ጂ እና ኤች ቁልፎች እየገፉ ይስተካከላል። መጀመሪያ ገጥሞ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ቁልፉ አያድነውም፤ ሰብታይትሉ ለ24 ምስል ተሠርቶ ፊልሙ በ25 እየሄደ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ልዩነቱ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይደርሳል። ሰብታይትል ኤዲት በተባለው ነፃ ፕሮግራም የምስል ፍጥነቱን ከ24 ወደ 25 መቀየር ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከልጆች ጋር ይታያል?

እርቃን፣ ስድብም ሆነ ደም የለበትም። ላውራ ራሷን ባቡር ፊት ለመጣል የምታስብበት አንድ ቅጽበት አለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላው ልጅ ጋር አይተው ቢነጋገሩበት ይሻላል። ከዚያ በታች ያለ ልጅ በእርግጠኝነት ይሰለቻል።

ሲወጣ እንዴት ተቀበሉት?

በሮቸስተር ከተማ ሲሞከር ተመልካቹ እየሳቀ ነበር የጨረሰው። በኖቬምበር 1945 ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። በ1946ቱ የካን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ከተጋሩት 11 ፊልሞች አንዱ ሆነ። ለሦስት ኦስካር ታጨ፤ ለዳይሬክተር፣ ላውራን ለተጫወተችው ለሲሊያ ጆንሰን የዋና ተዋናይነትና ለስክሪፕት፤ አንዱንም አላገኘም። በ1999 የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ባወጣው የመቶዎቹ ምርጥ የእንግሊዝ ፊልሞች ዝርዝር ሁለተኛ ነው።

ጣቢያውን መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ እንግሊዝ ለሚኖር ሰው የአንድ ቀን መንገድ ነው። የሚሳሳቱበት ነገር አንድ ነው፦ ከለንደን ወደ ግላስጎው የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች በካርንፎርዝ ያልፋሉ እንጂ አይቆሙም፤ የዋናው መስመር መሳፈሪያዎች በ1970 ተዘግተዋል። ስለዚህ ላንካስተር ላይ ወርደው የአካባቢውን ባቡር ይያዙ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከሊድስና ከማንቸስተር አቅጣጫም የሚመጣ አለ። የቅርስ ማዕከሉ በ2003 የተከፈተ ሲሆን፣ የፊልሙን ቡፌ አስመስሎ የተሠራ ሻይ ቤትና ፊልሙ የሚታይበት ትንሽ ክፍል አለው። የሚከፈትበትን ቀን ሳያረጋግጡ አይሂዱ።

ላውራና አሌክ ገጠር ወጥተው የሚቆሙበትን የድንጋይ ድልድይ ለማየት ግን ሌላ ቀን ይያዙ፤ እሱ ያለው ወደ ሰሜን፣ በሐይቆቹ አውራጃ በላንግዴል ሸለቆ ነው። በጀልባ የሄዱበት ውኃ ደግሞ ለንደን፣ ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ።

ካርንፎርዝ ላይ መጀመሪያ የሚታየው በ1895 የተሠራው ባለ ሁለት ገጽ የተንጠለጠለ ሰዓት ነው። ከሥሩ ሲቆሙ በስተቀኝና በስተግራ ወደ መተላለፊያው የሚወርዱት ተዳፋቶች ይታያሉ። ፈጣኑ ባቡር ሳይቆም ሲያልፍ ነፋሱ እስከ ሰዓቱ ድረስ ይመጣል፤ መነጽር ወይም ሻርፕ ያደረገ ሰው አጥብቆ ይያዝ።